የማታ ሙዚቃና የመንገድ ላይ ንግድ ፈቃድ ከእንግሊዝ ካውንስል እንዴት ይወጣል?

ለንደን፣ ሊድስ ወይም በርሚንግሃም ምግብ ቤት ሊከፍት ወይም እንጀራ በስቶል ሊሸጥ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ይፈቅድልኝ ይሆን?» ብሎ ነው። መልሱ እንደ ፈቃዱ ዓይነት ይለያያል። የመጠጥና የሙዚቃ ፈቃድ የሚሰጠው በ2003ቱ የላይሰንሲንግ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ማመልከቻው ተሟልቶ ገብቶ ተቀባይነት ያለው ተቃውሞ ካልቀረበበት ካውንስሉ ፈቃዱን የመስጠት ግዴታ አለበት። ቤቱን ስላልወደደው ብቻ መከልከል አይችልም። የመንገድ ላይ ንግድ ግን በሌላ ሕግ ነው የሚታየው። እዚያ ካውንስሉ ሰፊ ሥልጣን አለው፤ አንዳንዴም «አይሆንም» ካለ ይግባኝ የለም።

ይህን ልዩነት ሳያውቁ ገንዘብ ያፈሰሱ ብዙ ናቸው። የቤት ኪራይ ተከፍሎ፣ ወንበርና ጠረጴዛ ተገዝቶ፣ ፈቃዱ ሲዘገይ ኪሳራው ይከመራል። ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

የምጽፈው ስለ እንግሊዝና ዌልስ ነው። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የራሳቸው ሕግ አላቸው። ሰዓቱን ሁሉ፣ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ቀኑንና ዓመቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ፤ 23:00 ስል ከምሽቱ አምስት ሰዓት ማለቴ ነው። ማመልከቻ ስትሞሉም እንደዚሁ በ24 ሰዓት ጻፉ።

መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁን ፈቃድ ለዩ

እንግሊዝ ውስጥ እንደ አገር ቤቱ አንድ ወጥ «ንግድ ፈቃድ» የለም። ምግብ ለመሸጥ ለካውንስሉ ማስመዝገብ ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። ምዝገባው በነፃ ነው፤ ሥራ ከመጀመራችሁ ቢያንስ 28 ቀን በፊት መደረግ አለበት፤ ካውንስሉም አልመዘግብም ማለት አይችልም። ፈቃድ የሚያስፈልገው ከዚያ በላይ ለሆነው ነገር ነው፦ መጠጥ ለመሸጥ፣ ለአንዳንድ ዓይነት ሙዚቃና ትርኢት፣ እና ከ23:00 እስከ 05:00 ትኩስ ምግብ ወይም ትኩስ መጠጥ ለመሸጥ።

ይህቺ የመጨረሻዋ ለእኛ ቤቶች ወሳኝ ናት። እራት ተበልቶ፣ ጨዋታው ደርቶ፣ 23:30 ላይ ቡና ይፈላል። ቡናው በገንዘብ የሚሸጥ ከሆነ ያ ጀበና ፈቃድ ይፈልጋል። ሻይም እንደዚያው። ቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ ግን አይመለከታቸውም። በነፃ የሚቀርብ ቡናም ነፃ ነው፤ የመግቢያ ዋጋ ወይም የግድ መገዛት ያለበት ሌላ ነገር ካለ ግን ነፃ ነው ብሎ መከራከር አያዋጣም። እናም እስከ እኩለ ሌሊት ለመሥራት ካሰባችሁ ማመልከቻው ላይ «ሌት ናይት ሪፍሬሽመንት» የሚለውን ሳጥን ምልክት ማድረግ አትርሱ። ብዙ ሰው መጠጡንና ሙዚቃውን ይሞላና ይህቺን ይዘላታል።

ሙዚቃ ላይ ሕጉ ሰዎች ከሚያስቡት በላይ ላልቷል። ከጥቅምት 2012 ጀምሮ የቀጥታ ሙዚቃ ነፃነት አግኝቷል፤ በሚያዝያ 2015 ደግሞ የሰው ቁጥሩ ጣሪያ ወደ 500 ከፍ ብሏል። አሁን ያለው እንዲህ ነው። ከ08:00 እስከ 23:00 ባለው ጊዜ ያለ ድምፅ ማጉያ የሚቀርብ ማሲንቆም ሆነ ክራር የትም ቦታ ፈቃድ አይጠይቅም። እዚያው ቤት ውስጥ ለሚጠጣ መጠጥ ፈቃድ ባለው ቤት፣ መጠጥ በሚሸጥበት ሰዓት፣ ታዳሚው ከ500 ካልበለጠ በማይክ የሚዘፍን ዘፋኝም ዲጄም ይቻላል። መጠጥ የማይሸጥ ቡና ቤት ውስጥ ግን ነገሩ ይለያል፤ ዘፋኙ ይቻላል፣ ዲጄው ፈቃድ ያስፈልገዋል። ለጀርባ ማጀቢያ ዝቅ ተደርጎ የሚከፈት ሙዚቃ በማንኛውም ሰዓት ፈቃድ አይጠይቅም። እስክስታ የሚያሳይ ቡድንም በዚያው ሰዓት እስከ 500 ሰው ድረስ ነፃ ነው።

ስለዚህ አዝማሪያችሁ 22:45 ላይ የሚጨርስ ከሆነ ለሙዚቃ ብላችሁ ማመልከት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ከ23:00 በኋላ ግን ያለ ፈቃድ አይሆንም። ነፃ ነው ማለት ደግሞ ጎረቤት መረበሽ ይቻላል ማለት አይደለም። የካውንስሉ የድምፅ ክፍል በማንኛውም ሰዓት መጥቶ የማቆሚያ ትዕዛዝ ሊሰጥ ይችላል። ለዘፈን ባለመብቶች የሚከፈለው የሙዚቃ ላይሰንስ ደግሞ ሌላ ነው፤ ከካውንስሉ ጋር ግንኙነት የለውም።

ለአንድ ምሽት ዝግጅት፦ ቴን

የእንቁጣጣሽ፣ የገና ወይም የፋሲካ ዝግጅት አዳራሽ ተከራይታችሁ የምታዘጋጁ ከሆነ ቋሚ ፈቃድ አያስፈልጋችሁም። የሚያስፈልገው ጊዜያዊ የዝግጅት ማሳወቂያ ነው፤ ሁሉም ሰው በምህፃረ ቃሉ ቴን ይለዋል። ክፍያው 21 ፓውንድ ነው። በአንድ ጊዜ የሚገኘው ሰው ሠራተኛውን፣ ባንዱንና በር ጠባቂውን ጨምሮ ከ499 መብለጥ የለበትም። አንድ ሰው ያለ ፐርሰናል ላይሰንስ (መጠጥ ለመሸጥ ለግለሰብ የሚሰጥ ፈቃድ) በዓመት 5 ጊዜ ብቻ ማስገባት ይችላል። አንድ አዳራሽ ደግሞ በዓመት 15 ዝግጅትና በድምሩ 21 ቀን ነው የሚፈቀድለት። አዳራሹን ከመያዛችሁ በፊት «ዘንድሮ ስንት ቴን ቀርቷችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ኮታው ማለቁን መስማት ከባድ ነው።

ትልቁ ወጥመድ የቀን አቆጣጠሩ ነው። ማሳወቂያው ከዝግጅቱ በፊት ሙሉ 10 የሥራ ቀናት ሲቀሩት ካውንስሉ እጅ መግባት አለበት። የገባበት ቀንና የዝግጅቱ ቀን አይቆጠሩም። ቅዳሜ፣ እሑድና የባንክ በዓላት አይቆጠሩም። የእኛ ገና ደግሞ የሚውለው ከፈረንጅ ገናና ከአዲስ ዓመታቸው ሥር ነው። የ2019 ዓ.ም. ገና ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 7 ቀን 2027 ሐሙስ ይውላል። ዝግጅቱ ጃንዋሪ 9 ቅዳሜ ማታ ነው እንበል። ወደ ኋላ ቁጠሩ፦ ከዓርብ 8 እስከ ሰኞ 4 አምስት ቀን። ጃንዋሪ 1 በዓል ነው፣ ዝለሉት። ዲሴምበር 31፣ 30 እና 29 ሲጨመሩ ስምንት። 28 ሰኞ የባንክ በዓል ምትክ ነው፤ 25 ገናቸው ነው። 24 እና 23 ሲጨመሩ አሥር ሞላ። ስለዚህ የመጨረሻው ቀን ዲሴምበር 22 ማክሰኞ ነው። ከዝግጅቱ 18 ቀን በፊት ማለት ነው። በደህናው ጊዜ ሁለት ሳምንት የሚበቃው ነገር ገና ላይ አይበቃም።

ካመለጣችሁ ከ5 እስከ 9 የሥራ ቀን ሲቀር የሚገባ «ሌት ቴን» አለ። እኔ ግን አልመክረውም። ፖሊስ ወይም የካውንስሉ የአካባቢ ጤና ክፍል ከተቃወመ ጉዳዩ ሳይሰማ እዚያው ያበቃል። በመደበኛው ቴን ግን ተቃውሞ ቢመጣም ቀርባችሁ የመናገር ዕድል አላችሁ። በኢንተርኔት ካስገባችሁ ካውንስሉ ራሱ ለፖሊስ ያስተላልፋል። በወረቀት ካስገባችሁ ግን ለፖሊስና ለአካባቢ ጤና ክፍሉ የማድረሱ ኃላፊነት የእናንተ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። «መጠጥ አንሸጥም፣ ትኬቱ ውስጥ አንድ ቢራ ተካቷል» የሚለው አያድንም። በትኬት የተከፈለበት ቢራ የተሸጠ ቢራ ነው። ቤት የተጣለ ጠጅ መሸጥ ደግሞ ከካውንስሉ በላይ የሚሄድ ጉዳይ ነው፤ የግብር መሥሪያ ቤቱን ፈቃድና የአልኮል ቀረጥ ይጠይቃል።

ቋሚ ፈቃድ፦ ወረቀቱ ላይ የምትጽፉት ነገር ነው የሚወስነው

ለቤቱ የሚወጣው ፕሪሚሲስ ላይሰንስ ይባላል። መጠጥ የሚሸጥ ከሆነ በተጨማሪ ፐርሰናል ላይሰንስ ያለው አንድ ሰው ኃላፊ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ በተለምዶ ዲፒኤስ ይባላል። ፐርሰናል ላይሰንስ ለማግኘት አጭር ኮርስ ተወስዶ ፈተና ይታለፋል፣ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ይቀርባል፣ 37 ፓውንድ ይከፈላል። የሚወጣው ከምትኖሩበት ካውንስል ነው፤ ቤቱ ካለበት አይደለም። ከሚያዝያ 2017 ጀምሮ ደግሞ ሁለቱንም ፈቃድ ለማግኘት በአገሪቱ የመሥራት መብት መኖር አለበት። ጥገኝነት ጠይቆ የሚጠብቅና የሥራ መብት የሌለው ሰው በስሙ ማውጣት አይችልም።

ክፍያው የሚሰላው በቤቱ የግብር ግምት ነው። ከ4,301 እስከ 33,000 ፓውንድ የተገመተ ቤት ለማመልከቻ 190፣ በየዓመቱ 180 ይከፍላል። ከዚያ በላይ እስከ 87,000 ድረስ 315 እና 295 ነው። አብዛኛው የሀበሻ ምግብ ቤት ከሁለቱ በአንዱ ውስጥ ይወድቃል። ለጋዜጣ ማስታወቂያ የምታወጡት ከማመልከቻው ክፍያ ሊበልጥ ስለሚችል እሱንም በጀት ያዙለት።

ከማመልከቻው ጋር የቤቱ ፕላን፣ የዲፒኤሱ የፈቃደኝነት ፊርማ እና «ኦፐሬቲንግ ስኬጁል» የሚባለው ክፍል ይገባል። ይህን ክፍል ተረጋግታችሁ ጻፉት። ካውንስሉ የሚመዝናችሁ በአራት ዓላማዎች ብቻ ነው፦ ወንጀልና ሁከትን መከላከል፣ የሕዝብ ደኅንነት፣ ጎረቤትን አለመረበሽ፣ ሕፃናትን ከጉዳት መጠበቅ። ለአራቱም ምን እንደምታደርጉ ነው የምትጽፉት።

«ድምፅ እንዳይረብሽ እንጠነቀቃለን» የሚል ዓረፍተ ነገር ምንም አይረባም። ፖሊስም ጎረቤትም አያምነውም። እንዲህ ብትጽፉት ግን ሌላ ነው፦ ከ22:00 በኋላ የፊት መስኮቶች ይዘጋሉ፤ ስፒከሮቹ ከላይ ካለው አፓርታማ ጋር በሚጋራው ጣራና ግድግዳ ላይ አይሰቀሉም፤ ከ23:00 በኋላ ለማጨስ በአንድ ጊዜ ከ5 ሰው በላይ ውጭ አይወጣም፤ ሙዚቃው ከመዝጊያው 30 ደቂቃ በፊት ዝቅ ይላል፤ የሥራ አስኪያጁ ስልክ ለጎረቤቶች ይሰጣል። ዕጣንና ከሰል የምትጠቀሙ ከሆነም ጻፉት፤ የት እንደሚጨስ፣ አየሩ በየት እንደሚወጣ። ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው የማያውቀው ጭስ በመስኮቱ ሲገባ እሳት የተነሳ ነው የሚመስለው።

እዚህ ላይ ግን ልክ አለው። የምትጽፉት እያንዳንዱ ነገር የፈቃዱ አካል ይሆናል። «በየምሽቱ ሁለት ፈቃድ ያላቸው በር ጠባቂዎች እንቀጥራለን» ብላችሁ ማክሰኞ ማታ ስድስት ሰው ባለበት አንድም ጠባቂ ከሌለ ሕግ ጥሳችኋል። ቅጣቱ ገደብ የሌለው የገንዘብ መቀጮ፣ እስከ 6 ወር እስራትም ሊደርስ ይችላል። «ዓርብና ቅዳሜ ከ21:00 ጀምሮ» ብላችሁ በልኩ ጻፉ።

ማመልከቻው ከገባ ማግስት ጀምሮ ለ28 ተከታታይ ቀናት ፈዘዝ ባለ ሰማያዊ ኤ4 ወረቀት ላይ የታተመ ማስታወቂያ ከውጭ በሚነበብበት ቦታ ይለጠፋል። በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ደግሞ በአካባቢው ጋዜጣ ይወጣል። ወረቀቱ ከወደቀ፣ ነጭ ወረቀት ላይ ከታተመ፣ ወይም መጋረጃ ከጋረደው 28ቱ ቀን እንደገና ከአንድ ሊጀመር ይችላል። በየቀኑ ፎቶ አንሱት። ቀኑ የሚታይበት ፎቶ ነገ ማስረጃ ነው።

ስለ ፕላኒንግም (ቤቱ ለምን ሥራ እንደሚውል የሚወስነው ፈቃድ) ለብቻ አጣሩ። ላይሰንሱ እስከ 02:00 ቢፈቅድም የቤቱ የፕላኒንግ ፈቃድ እስከ 23:00 ብቻ ከሆነ መዝጋት ያለባችሁ 23:00 ላይ ነው።

ተቃውሞው ከመምጣቱ በፊት በር አንኳኩ

በእነዚያ 28 ቀናት ውስጥ ነው ነገሩ የሚወሰነው። ማመልከቻውን ሳታስገቡ ገና ለፖሊስ ላይሰንሲንግ ክፍልና ለካውንስሉ የአካባቢ ጤና ክፍል ረቂቁን ላኩላቸው። ሰዓት ቀንሱ ካሏችሁ፣ ካሜራ ለ31 ቀን ይቅዳ ካሏችሁ፣ የምትችሉትን ተስማሙ። የተስማሙበትን ነገር አይቃወሙትም።

ቀጥሎ ጎረቤቶች ናቸው። ላይ ፎቅ ያሉትን፣ ከጎን ያሉትን፣ ከኋላ ግቢ በኩል መኝታ ቤታቸው የሚያያችሁን። ሄዳችሁ ተዋወቁ። በሰማያዊ ወረቀት ላይ «እስከ 02:00 ሙዚቃና መጠጥ» የሚል ብቻ ያየ ሰው ናይት ክለብ ይመጣብኛል ብሎ ይደነግጣል። ቁጭ ብለው የሚበሉበት ቤት መሆኑን ከእናንተ አፍ ከሰማ ብዙውን ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ለጉርብትና እኛ እንግዳ አይደለንም፤ ቡና ጥሩ። ተቃውሞ እንዳይጽፉ ግን አትለምኑ፣ አታስፈራሩም። ያ ራሱ ተቃውሞውን በሚሰሙት የካውንስል ተመራጮች ፊት ይቀርብባችኋል።

ቤቱ ያለበት መንገድ ካውንስሉ «መጠጥ ቤት በዝቶበታል» ብሎ በፖሊሲው የለየው አካባቢ ከሆነ ሥራው ይከብዳል። ሆኖም እዚያም ተቃውሞ ካልመጣ ፈቃዱ ይሰጣል። ከመጣ ግን ተጨማሪ ችግር እንደማትፈጥሩ የማሳየቱ ሸክም እናንተ ላይ ነው። የካውንስሉ የላይሰንሲንግ ፖሊሲ ድረ ገጹ ላይ አለ። ውል ከመፈረማችሁ በፊት የመንገዳችሁን ስም እዚያ ውስጥ ፈልጉ።

ሰሚው ፊት ስትቀርቡ

ተቃውሞ ከመጣና ካልተነሳ ጉዳዩ 3 የካውንስል ተመራጮች ፊት ይቀርባል። የተቃውሞ ጊዜው ባለቀ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ መሰማት አለበት። መጥሪያው ሲደርሳችሁ ከቀጠሮው 5 የሥራ ቀን በፊት እንደምትቀርቡ፣ ማን እንደሚናገርላችሁና ምስክር እንዳላችሁ መልሳችሁ አሳውቁ። ጠበቃ ግዴታ አይደለም። እንግሊዝኛው የሚቀልለው ልጅ፣ ወንድም ወይም ጓደኛ ሊናገርላችሁ ይችላል።

ሰነዶቻችሁን ሁሉ አስቀድማችሁ ላኩ። በዕለቱ ይዛችሁት የምትመጡት ወረቀት የሚታየው ሌላው ወገን ሁሉ ከተስማማ ብቻ ነው። የፎቶ ክምር ይዞ ቀርቦ ሳይታይለት የሚመለስ አለ።

ንግግራችሁ አጭር ይሁን። ስለ ባህላችን ታላቅነት ረጅም ንግግር ማድረግ ያጓጓል፤ ተመራጮቹ ግን መወሰን የሚችሉት በአራቱ ዓላማዎች ላይ ብቻ ነው። ተቃዋሚው «ድምፅ ይኖራል» ካለ በሩንና መስኮቱን፣ የመዝጊያ ሰዓቱን፣ ስልኩን ጥቀሱ። «እዚህ ሰፈር ሀበሻ ምግብ ቤት ሞልቷል» ወይም «የቤቴ ዋጋ ይወርዳል» ካለ በትሕትና ይህ በሕጉ የሚታይ ምክንያት እንዳልሆነ አስታውሱ። ያለ ፈቃድ የሆነ ነገር ካለ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትካዱ። ቤት ውስጥ ሺሻ ማጨስ በእንግሊዝ ከሐምሌ 2007 ጀምሮ ክልክል ነው፤ ጫትም ከሰኔ 24 ቀን 2014 ጀምሮ በአደንዛዥ ዕፅ ሕግ የተከለከለ ነው። ሁለቱም ቤት ውስጥ ከተገኙ ፖሊስ ፈቃዱ እንደገና ይታይ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ እስከ መሰረዝም ይደርሳል።

አስታራቂ ሐሳብ ይዛችሁ ግቡ። እስከ 02:00 ጠይቃችሁ 00:30 ቢሰጧችሁ ያዋጣችኋል ወይ? ይህን ቤታችሁ ሆናችሁ ወስኑ። ዓመት ሙሉ ያለ ቅሬታ ሠርታችሁ ሰዓት ለመጨመር መመለስ ይቻላል፤ በንጹሕ መዝገብ የሚመለስ ሰው ደግሞ ይደመጣል።

ውሳኔው ካልተስማማችሁ በጽሑፍ በደረሳችሁ በ21 ቀን ውስጥ ለማጅስትሬት ፍርድ ቤት ይግባኝ ትላላችሁ። ጎረቤትም እንደዚያው ይችላል። ከተሸነፋችሁ የካውንስሉን ወጪ እንድትከፍሉ ሊወሰንባችሁ ስለሚችል ከዚህ ደረጃ ጀምሮ ጠበቃ ያዙ።

የመንገድ ላይ ንግድ

አሁን ሕጉ ይቀየራል። ከለንደን ውጭ የሚሠራው የ1982ቱ ሕግ ነው። በአብዛኛው ለንደን የ1990ው የለንደን ሕግ ነው፤ ዌስትሚንስተር ደግሞ የራሱ የ1999 ሕግ አለው። በ1982ቱ ሕግ መንገዶች በሦስት ሊመደቡ ይችላሉ፦ ጨርሶ የተከለከለ፣ ላይሰንስ የሚጠየቅበት፣ ኮንሰንት የሚጠየቅበት። ላይሰንስ ላይ ካውንስሉ የሚከለክልባቸው ምክንያቶች ተዘርዝረዋል፤ በአንዳንዶቹም ይግባኝ አለ። ኮንሰንት ላይ ግን እንደመሰለው መወሰን ይችላል፤ ለማጅስትሬት የሚባል ይግባኝም የለም። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ይህ መንገድ የትኛው ነው?» የሚል ይሁን። በኢሜይል ጠይቁ፣ መልሱን አስቀምጡ።

«የግል ቦታ ነው፣ ባለቤቱ ፈቅዶልኛል» በሚለው አትተማመኑ። በለንደኑ ሕግ ሕዝብ ሳይከፍል የሚገባበት፣ ያልታጠረና ከመንገዱ በ7 ሜትር ውስጥ ያለ ቦታ እንደ መንገድ ይቆጠራል። ያለ ፈቃድ የተያዘ እስከ 1,000 ፓውንድ ይቀጣል።

እዚህ ላይ «ተመሳሳይ ነገር የሚሸጥ በቅቷል» የሚለው ሕጋዊ የመከልከያ ምክንያት ነው። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ «ምግብ» ብላችሁ አትጻፉ። «በያይነቱ በእንጀራ፣ ምስር ሳምቡሳ፣ በጀበና የተፈላ ቡና» ብላችሁ ጻፉ። በዚያ መንገድ ያሉትን ነጋዴዎች ቆጥራችሁ ይህን የሚሸጥ እንደሌለ አሳዩ። የስቶሉን ስፋት በሜትር፣ ለዊልቸርና ለሕፃን ጋሪ የሚቀረውን መተላለፊያ፣ ፎቶውን፣ የጋዝ ምርመራ ወረቀቱን፣ የምግብ ምዝገባውን፣ የንጽሕና ኮርስ የምስክር ወረቀቱን፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን አያይዙ። ብዙ ካውንስሎች ኢንሹራንሱ 5 ሚሊዮን ፓውንድ የሚሸፍን እንዲሆን ይጠይቃሉ።

አለርጂ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ግን እዚህ የሚጋገረው እንጀራ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ይቀላቀልበታል። «ግሉተን ፍሪ» ብላችሁ የተቀላቀለ እንጀራ ብትሸጡ ሰው ትጎዳላችሁ። በሕግ መገለጽ ያለባቸው 14 የአለርጂ ዓይነቶች አሉ፤ በስቶሉ ላይ ዝርዝሩን አስቀምጡ።

ለጀማሪ የምመክረው በተደራጀ ገበያ መጀመርን ነው። ብዙ ጊዜ ፈቃዱን የያዘው ገበያውን የሚያስተዳድረው ክፍል ስለሆነ እናንተ ቦታውን ብቻ ትከራያላችሁ። በዚያው ደንበኛም ትፈትናላችሁ። ቦታ ካገኛችሁ በኋላ ደግሞ ውጡበት። የተሰጠውን ቦታ ሳይጠቀሙ መቅረትና ክፍያ አለመክፈል በሚቀጥለው ጊዜ ለመከልከል በቂ ምክንያት ነው።

ምግብ ቤት ኖሯችሁ በር ላይ ወንበርና ጠረጴዛ ማውጣት ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ግን ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም። እንግሊዝ ውስጥ ፔቭመንት ላይሰንስ የሚባል ቀላል መንገድ አለ። ከመጋቢት 31 ቀን 2024 ጀምሮ ቋሚ ሆኗል። ለአዲስ አመልካች ከ500፣ ለማሳደሻ ከ350 ፓውንድ በላይ አያስከፍሉም። 14 ቀን ሕዝብ አስተያየት ይሰጥበታል፤ በተከታዩ 14 ቀን ካውንስሉ ካልወሰነ እንደተፈቀደ ይቆጠራል። ማመልከቻውን ያስገባችሁበትን ቀንና ማረጋገጫ ኢሜይሉን አስቀምጡ፤ ጠረጴዛውን ስታወጡ መጥቶ የሚጠይቃችሁ ተቆጣጣሪ የሚያየው እሱን ነው።